ቀዝቃዛው ክፍል

ሐምሌ 4 ቀን 1980

ዛሬም ያው። ዲስኬቱን በካኪ ፖስታ አድርጌ ከመዝገብ ቤት ወደ ሒሳብ ክፍል፣ ከሒሳብ ክፍል ወደ ግምጃ ቤት፣ ከዚያ ተመልሼ ወደ ወንበሬ። ሦስት ኮምፒዩተር አለን፤ ሦስቱም አይተዋወቁም። የአንዱን ወሬ ለሌላው የማደርስ እኔ ነኝ። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ታይፒስት መባሌ ቀርቶ «የኮምፒዩተር ሠራተኛ» ተብያለሁ። ሥራው ግን የተላላኪ ነው።

ከሰዓት በኋላ ግምጃ ቤት ብገባ ዲስኬቱ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተጋድሟል። በላዩ የሻይ ብርጭቆ።

«ፈይሳ፣ ይኼ እኮ የብርጭቆ ማስቀመጫ አይደለም።»

«ጠረጴዛው አቧራ ስለሆነ ነው፣ እትዬ።»

ምን ይባላል? ግምጃ ቤቱን በደንብ ነው የሚይዘው፤ ጆንያ አይጠፋበትም። ዲስኬት ግን... ጠራረግሁት። ደግነቱ ተነበበ።

ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ገሠሠ ለረቡዕ ስብሰባ ጠርተዋል። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እንደተለመደው እኔ።

ሐምሌ 6

ከአዲስ አበባ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት፣ ባለሙያ መጣ። ኃይለየሱስ ይባላል። ውጭ ተምሮ የተመለሰ ወጣት። ሲናገር ሰው ፊት ያያል... ይኼ ደስ አለኝ።

ነገሩን እንዲህ አስረዳ። ኮምፒዩተር ሲበራ መጀመሪያ ተነስቶ ሌላውን ሁሉ የሚያዝ ፕሮግራም አለ፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይባላል። አትክልት ገዝቶ የሚሸጠው ድርጅታችን አንዱን መርጦ በዚያው መቆየት አለበት። ወይ ያሉት ኮምፒዩተሮች እንዳሉ ዶስ በሚባለው ይቀጥላሉ፤ ሁለት ይጨመራሉ፤ እያንዳንዱ በየጠረጴዛው ለራሱ ይሠራል። ወይ ደግሞ ሰርቨር የሚባል አንድ ትልቅ ማሽን ይመጣል። የሚሠራው ዩኒክስ በሚባለው ነው። በየቢሮው የሚቀመጠው ጽሑፍ የሚታይበት መስኮትና ፊደል መምቻ ብቻ ሲሆን ሁሉም ሰው የሚሠራው አንዱ ማሽን ውስጥ ነው። ፈይሳ ያስገባውን ሽንኩርት ሒሳብ ክፍል እዚያው በዚያው ያየዋል።

ጓድ ገሠሠ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከሁለቱ የሶሻሊስቱ የትኛው ነው?»

ኃይለየሱስ ወረቀቱን ገለጠ። «ሁለቱም አሜሪካ የተሠሩ ናቸው፣ ጓድ።»

ሁሉም ጠረጴዛውን ማየት ጀመረ።

«በቃለ ጉባኤ አይግባ» አሉኝ። ሰረዝኩ።

የሒሳብ ኃላፊው ሱሌማን ዶስ ይሻላል ባይ ነው። «የኔ ኮምፒዩተር የኔ ነው። በሬን ቆልፌ እሄዳለሁ። በዚህኛው ግን ሰው ቤቴ ሳይገባ ቤቴን ያያል ማለት ነው።» ሃያ ዓመት አብረን ሠርተናል። የራሱን መሳቢያ እንኳ በሁለት ቁልፍ ነው የሚቆልፈው።

እኔን የጠየቀኝ የለም። ማን ይጠይቀኛል? እጄ ይጽፋል እንጂ አፌ አይከፈትም። ጆሮዬ ግን ክፍት ነበር። አምና ኃላፊዎቹ ሶደሬ ለኮርስ ሄደው ሲመለሱ የታደላቸውን የዩኒክስ ወረቀት ጀርባውን ለረቂቅ እንድጠቀምበት ሰጡኝ። ጀርባውን ትቼ ፊቱን አነበብኩ። ገጽ 11፣ ገጽ 12፣ ከዚያ 40... መሐሉ የለም። እንግሊዝኛንም የተማርኩት እንዲሁ ነው፤ ባለሱቁ ስኳር ከሚጠቀልልበት ወረቀት። የማውቀው ሁሉ መሐሉ የጎደለ ነው። ግን ይኼ ዩኒክስ የሚሉት ነገር... ዲስኬት ተሸክሞ መዞርን እንደሚያስቀር ገብቶኛል።

ሐምሌ 12

ኃይለየሱስ ለሰርቨሩ ክፍል ሲፈልግ ዋለ። ማሽኑ ሙቀት አይወድም፤ አቧራ አይወድም። ናዝሬት ላይ! ሊያስቀኝ ነበር። ቅጥር ግቢው በሙሉ ቆርቆሮ ነው፤ ሽንኩርት መለያው ቆርቆሮ፣ ግምጃ ቤቱ ቆርቆሮ፣ እኛ ያለንበትም ቆርቆሮ። የድንጋይ ቤት አንድ ብቻ ነው። ድሮ ጣሊያኑ የፍራፍሬ ነጋዴ ይኖርበት የነበረው። ግድግዳው ክንድ ያህል ይወፍራል። ሁለት ክፍል አለው። በአንዱ ጓድ ገሠሠ ተቀምጠዋል። በሌላው ሽንኩርትና ቲማቲም የሚለዩት ሴቶች ሕፃናታቸውን ያስቀምጣሉ። አሰለፈች ትጠብቃቸዋለች። እናቶቹ አራት ሰዓት ላይና ስምንት ሰዓት ላይ እጃቸውን ታጥበው እየሮጡ መጥተው አጥብተው ይመለሳሉ።

ኃይለየሱስ በሩን ገፋ አድርጎ አየ። ቀዝቃዛ ነው፤ ጨለም ያለ። ልጆቹ ሰሌን ላይ ተኝተዋል።

«ክፍሉስ ይኼ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። እንዳይቀሰቅሳቸው ነው መሰለኝ።

ጓድ ገሠሠ ከኋላው ነበሩ። «ይኼማ ቀላል ነው። ሕፃናቱ ወደ ጆንያ መጋዘኑ ይዛወራሉ።»

የጆንያ መጋዘኑ። ሚያዝያ ላይ ግድግዳው እጅ አያስነካም።

ሐምሌ 13

ወሬው ከኔ ቀድሞ ቤት ደረሰ። ቡዜ፣ እጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየችኝ ልጅ፣ ሽንኩርት ለይታ የምታድር ናት። ባሏ ሰሜን ዘምቷል፤ ደብዳቤው ከቀረ ቆየ። ልጅዋ ሌንሳ ሰባት ወር ሆናት።

«አካም ቡልቴ፣ እትዬ» አለችኝ ጠዋት፤ እንዴት አደሩ ማለቷ ነው። «ልጆቹን የሚያስወጣው ማሽን ምን የሚሠራ ነው?»

«ሁሉን የሚመዘግብ ነው።»

«ለምን እዚያ ክፍል?»

«ሙቀት አይችልም።»

«ልጄስ ትችላለች?»

ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«ጡት ይጠባል ወይ?» አለች ደግሞ እየሳቀች። «አይ፣ ካልጠባ በምን አንጀቱ ከልጆች ክፍል ይቀማል ብዬ ነው።»

ሳቅኩላት። ከሳቅኩ በኋላ ግን አፈርኩ። ይኼ ማስታወሻ የኔ ስለሆነ እውነቱን ልጻፍ፦ ማሽኑን እፈልገዋለሁ። ክፉኛ ነው የምፈልገው።

ነሐሴ 2

ዛሬ ነካሁት! ኃይለየሱስ ሰርቨሩን ለማሳየት ከሣጥን አውጥቶ አዳራሹ ውስጥ አበራው። ጠዋት ነው፣ ገና ሳይሞቅ። አረንጓዴ ፊደል ብቅ አለ። ስምህ ማነው ይላል፣ ምስጢር ቃልህ ምንድን ነው ይላል። እዚህ ሆኜ የጻፍኩትን ወዲያ ማዶ ያለው መስኮት ላይ ፈይሳ ጮክ ብሎ አነበበው። «ዲስኬትህን ከሻይ አርቅ» ነበር የጻፍኩት። በላቲን ፊደል ነው እንጂ።

ማንም ሳያየኝ ከገጽ 40 የማውቃትን አንዲት ትእዛዝ መታሁ። ማን ማን ማሽኑ ላይ እንዳለ ትናገራለች። ተናገረች። የኔ ስም ከላይ።

ኃይለየሱስ አየኝ። «እትዬ ዘውድነሽ፣ የት ተማሩት?»

«እንዲያው።»

«ይኼ ከተመረጠ የሚይዘው ሰው ያስፈልጋል። እርስዎን ነው የምጽፈው።»

አምስት ሰዓት ላይ ቆርቆሮው ሲግል ማሽኑ በራሱ ጠፋ። «አየሽ?» አሉኝ ጓድ ገሠሠ፤ እኔ ያጠፋሁት ይመስል። «ክፍሉ የግድ ነው።»

ነሐሴ 3

ቡዜን መግቢያው ላይ አየኋት። ሰላም ብዬ አለፍኩ። ፈጥኜ።

ነሐሴ 18

ሁለተኛ ስብሰባ። ግማሽ ቀን ሙሉ አንድ ነገር ላይ ዋልን፦ ማን ማንን ያያል?

በዩኒክስ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ስምና ምስጢር ቃል አለው፤ የሌላውን ሥራ ያልተፈቀደለት አይከፍትም። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ስም አለ፤ እሱ ሁሉን ይከፍታል። ኃይለየሱስ ይኼን ሲናገር የጓድ ገሠሠ ወንበር ወደ ፊት ተጠጋ።

«ሁሉን?»

«ሁሉን፣ ጓድ።»

«የሒሳብ ክፍልንም?»

«አዎ።»

ሱሌማን ብዕሩን አስቀመጠ። «እኔ ዶስን ነው የምደግፈው፤ ይመዝገብ።»

«ለምን እንደሆነም ይመዝገብ?» አሉ ጓድ ገሠሠ።

«ለ... ቀላልነቱ።»

ለቀላልነቱ፣ ብዬ ጻፍኩ። ስለ ሽንኩርቱስ? ስለ ሥራውስ? ሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ሚዛን ስለመያዛችንስ? አንድ ሰው አላነሳም። አንዱ ማየት ይፈልጋል፣ አንዱ አለመታየት። ምርጫው ይኸው ነው። ስለ ሕፃናቱ ደግሞ «የቦታ ጉዳይ ተፈትቷል» ተብሎ ታለፈ።

ውሳኔው ለአዲሱ ዓመት ተላለፈ። ሁለቱም እኩል የቆሙ ይመስላል። እኔም ውስጤ እኩል ነው... ጠዋት ጠዋት ሌንሳን ሳያት ዶስ፣ ከሰዓት ዲስኬቱን ስሸከም ዩኒክስ።

ጳጉሜ 1

ኮምፒዩተሩ ሲበራ ቀን ይጠይቃል። ባለፈው መስከረም ማሽኖቹ ሲመጡ ሱሌማን ነው «ቀናችንን ለምን እንለውጣለን?» ያለው። የራሳችንን ቀን መታን፤ 1980 ስንለው ተቀበለ። ከዚያ በፊት ያለ ዓመት እንደማያውቅ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። በአንድ ዓመት ቢቀድም ኖሮ እምቢ ይለን ነበር። እስካሁን ያስቸገረን ጥቅምት 30 ብቻ፤ የነሱ ሁለተኛ ወር አጭር ነው።

ዛሬ ጠዋት ወር 13 ብዬ መታሁ። ስህተት አለኝ። ደገምኩ። ስህተት።

ሱሌማን ከበሩ ላይ ሆኖ፦ «ደመወዝ የሌላትን ወር ማሽኑም አያውቃትም። አይፈረድበትም።»

«አንተ ምን አልከው?»

«እኔማ አጠፋሁት። አዲስ ዓመት ሲገባ እንገናኛለን።»

እኔ ማጥፋት አልችልም፤ የጭነት ቴሌግራም ይመጣል። መስከረም 1 አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

ጳጉሜ 3

ሩፋኤል። ዝናቡ ጠዋት መጣ። አሰለፈች ልጆቹን ራቁታቸውን በረንዳው ላይ አውጥታ አስመታቻቸው። ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ይጮኻል። ለዪዎቹ ሴቶች ሥራ አቁመው ቆመው አዩ፤ ማንም አልተቆጣቸውም።

ከዓለም ጤና ከተማ ሁለት መኪና ሽንኩርት ገባ። በዚህ ዝናብ።

ጳጉሜ 4

ጓድ ገሠሠ ሦስታችንንም ጠሩን። ከኮምፒዩተሮቹ የወጣ ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ አለ።

«ሽንኩርቱ ከዓለም ጤና የተጫነው መቼ ነው?»

«እኔ ጋ መስከረም 1» አልኩ።

«መስከረም 1 ገና አልመጣም።»

«አልመጣም፣ ጓድ።»

«ፈይሳ፣ ግምጃ ቤት የገባውስ?»

«ነሐሴ 30።» እሱ ደግሞ ማሽኑ እምቢ ሲለው ወደ ኋላ ነው የሄደው።

«እንግዲህ ሽንኩርቱ ሳይጫን ደርሷል ማለት ነው።»

«ሹፌሩ ፈጣን ነው፣ ጓድ» አለ ፈይሳ።

ሱሌማን ሳቁን በሳል አሳለፈው። ጓድ ገሠሠ አልሳቁም። ይኼ በአዲስ አበባ ቢታይ አሻጥር ይባላል አሉ። አሻጥር! በዚያች ቃል ሰው የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ሳቁ ጠፋ። ከዚያ አንድ ማሽን ቢሆን፣ አንድ ሰዓት ቢኖረው፣ ይኼ አይደርስም ነበር አሉ። ጥግ የተቀመጠው ኃይለየሱስም ራሱን ነቀነቀ፤ እውነት ነዋ። ሱሌማን እንኳ አፉን አልከፈተም።

ዶስ አለቀለት። መስከረም 13 ይጸድቃል፤ ልጆቹ በሳምንቱ ይለቃሉ።

የፈለግሁት ሆነ። ታዲያ ምን ይቆረጥመኛል?

መስከረም 5 ቀን 1981

ሴቶቹ በምሳ ሰዓት የጆንያ መጋዘኑን ሊያዩ ሄዱ። ተከተልኳቸው። የአይጥ መድኃኒት ይሸታል። አሰለፈች በሩ ላይ ቆማ አልገባም አለች።

«እኔ እዚህ ውስጥ ልጅ አላስተኛም። ከፈለጉ እኔን ራሴን ያስተኙኝ።»

ቡዜ ቆርቆሮውን በመዳፏ ነካችው። ማታ ዕቃዋን ማጠፍ ጀምራለች። ወንጂ አክስቷ ዘንድ ትሄዳለች፤ አገዳ ቆረጣ ካገኘች። ልጅዋስ? «እንደ ድሮው በጀርባዬ።»

«ቆይ እስቲ፣ ገና አልጸደቀም» አልኳት።

«እትዬ፣ እርስዎ እዚያ ውስጥ ይቀመጣሉ አይደል? ምን ይላሉ እነሱ?»

«ይጽፋሉ» አልኳት። ምን ዓይነት መልስ ነው? የሚጽፉት እነሱ አይደሉም፤ እኔ ነኝ።

መስከረም 13

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ስብሰባው በጓድ ገሠሠ ቢሮ ነበር። እዚያ ስገባ ሁልጊዜ ሹራብ እይዛለሁ፤ ቬንትሌተር አይደለም፣ እውነተኛው ማቀዝቀዣ ነው ያለው፣ ያውም በዚያ ግድግዳ ላይ። ኃይለየሱስ ሰርቨሩ የሚፈልገውን አነበበ። ወፍራም ግድግዳ። ትንሽ መስኮት። ፀሐይ የማያገኘው ወገን። ቢቻል ማቀዝቀዣ። እያነበበ ሲሄድ ድምፁ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ... ማቀዝቀዣ የሚለው ላይ ሲደርስ ጨርሶ አጎንብሶ ነበር። እሱም ያውቃል። ሱሌማን ያውቃል። ፈይሳ ኮርኒሱን ያያል። ከሐምሌ ጀምሮ ሁላችንም እናውቃለን። የምናውቀውን ነገር እኮ ነው ስንዞረው የከረምነው።

«ሌላ አስተያየት ከሌለ በሙሉ ድምፅ...» አሉ ጓድ ገሠሠ።

ብዕሬ ቆመ። «ምክንያቱን እንዴት አድርጌ ልጻፍ፣ ጓድ?» አልኩ።

«የምን ምክንያት?»

«ልጆቹ ወደ ቆርቆሮ የሚዛወሩበትን። ሌላ ቀዝቃዛ ክፍል ስለሌለ ብዬ ልጻፍ?»

«ጻፊ።»

አልጻፍኩም። ሹራቤን ሰበሰብኩ። «ይኼኛውስ?»

«የቱ?»

«ይኼ። አሁን የተቀመጥንበት።»

ማቀዝቀዣው ያንጎራጉራል። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ልጅ ያለቅሳል፤ ማን እንደሆነ አላወቅኩም። ጓድ ገሠሠ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያላዩኝን ያህል።

«ጓድ ዘውድነሽ፣ አንቺ ጸሐፊ ነሽ።»

«አዎ፣ ጓድ። ለዚያ ነው የጠየቅኩት።»

ስብሰባው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ አሉ። ወጣን። አንድም ሰው በረንዳው ላይ አላናገረኝም።

መስከረም 14

ሱሌማን፦ «አንቺ ሴትዮ፣ ሃያ ዓመት ዝም ብለሽ፣ ዝም ብለሽ፣ በስንቱ አጀንዳ ዝም ብለሽ... የሰውየው ቢሮ ላይ?»

«አንተስ ለምን አልተናገርክም?»

«እኔማ ልጆች አሉኝ።»

እኔ የለኝም። እውነቱን ነው። አልተቀየምኩም... ትንሽ ተቀይሜአለሁ።

መስከረም 20

ወሬው፦ ወደ ደራ ልዛወር ነው። የግዢ ጣቢያው ጸሐፊ ይፈልጋል ተብሏል። እዚያ ኮምፒዩተር ቀርቶ መብራትም በሰዓት ነው።

ፈይሳ፦ «እትዬ፣ ደራ አየሩ ጥሩ ነው። ለጤናዎ።» እውነት ሊያጽናናኝ ነው የሞከረው። ባይሞክር ይሻል ነበር።

ለምን ተናገርኩ? ዝም ብል ሰርቨሩ የኔ ነበር። አሁን ሰርቨሩም የለ፣ ልጆቹም ይለቁ አይለቁ አልታወቀ፣ እኔም ደራ። ለቡዜ የነገርኳት ነገር የለም። ዕቃዋ እንደታጠፈ ነው፤ ሌንሳ ጥቅሉ ላይ ወጥታ ትቀመጣለች።

ጓድ ገሠሠ ኮሪደር ላይ ያልፉኛል። ሰላምታዬን ይቀበላሉ። ይኼ ይብሳል።

መስከረም 27

እንደገና ስብሰባ። የደራን ደብዳቤ የጠበቅኩበት ቀን ነው፤ ቦርሳዬ ውስጥ ያሉኝን የዩኒክስ ገጾች ሁሉ ይዤ ነበር፣ ለኃይለየሱስ ልሰጠው።

ጓድ ገሠሠ ተነሱ። ጉዳዩን በጥልቀት እንዳጠኑት ተናገሩ። ሰርቨሩ የድርጅቱን ምስጢር ሁሉ የሚይዝ ስለሆነ በማንም ክፍል ሊቀመጥ አይችልም። ስለዚህ በሥራ አስኪያጁ ቢሮ፣ በሥራ አስኪያጁ ዓይን ሥር ይሆናል። ሕፃናቱ ባሉበት ይቆያሉ።

ጭብጨባ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ከዚያ ብዕሬን አንስቼ ሐሳቡ የጓድ ገሠሠ መሆኑን ጻፍኩ።

ኃይለየሱስን በኋላ ያዝኩት። «ምን ብለሃቸው ነው?»

«ምንም። ሁሉን የሚከፍተው ስም በየትኛውም ቢሮ ቢሆን እንደሚሠራ፣ ግን ማሽኑ አጠገብ የተቀመጠ ሰው የበለጠ እንደሚታመን ነው የነገርኳቸው።»

«እውነት ነው?»

«ግማሹ።»

አንድ ነገር ግን አላሰብኩም ነበር። ጓድ ገሠሠ ቢሮውን አለቅም ብለዋል። ማሽኑ ከሳቸው ጋር፣ ማሽኑን የሚይዘውም ሰው ከሳቸው ጋር። ማን ይሆን ተባለ። ሱሌማን በዓይኑ ጠቆመኝ። ፈይሳም። ሌላ ሰው ማን ይገባል እዚያ? ቅጣት ይሁን ሹመት አላወቅሁም። እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም።

ማታ ለቡዜ ነገርኳት። ጥቅሉን ፈታችው።

ጥቅምት 8

ተተከለ። ኃይለየሱስ ሦስት ቀን ሲቆፍር፣ ገመድ ሲዘረጋ ቆይቶ ዛሬ አዲስ አበባ ሄደ። የጎደሉኝን ገጾች ሰጥቶኝ ነው የሄደው፤ ከ13 እስከ 39። በእጁ ጥግ ጥጉ ላይ በአማርኛ ጽፎበታል።

የቢሮው ድንበር ምንጣፉ ነው። ከምንጣፉ ወዲህ ሰርቨሩና እኔ፣ ከምንጣፉ ወዲያ ጓድ ገሠሠ። ስልክ ሲመጣላቸው «እስኪ ቆይ» ይሉና ያዩኛል። መውጣት አለብኝ? ማሽኑን ትቼ? አንዴ ወጣሁ፣ ስመለስ የክፍሉን መስኮት ከፍተውታል። አቧራው ይግባ!

«ታፍኖ ነበር» አሉ።

ታፍኖ። ልጆቹን ቆርቆሮ ውስጥ ሊከቱ የነበሩት ሰው።

ጥቅምት 21

ዛሬ ጠዋት ጓድ ገሠሠ ሁሉን በሚከፍተው ስም ሊገቡ ሞከሩ፤ ምስጢር ቃሉን ራሳቸው ነው የመረጡት። አልገባም አላቸው። ደገሙት። ሦስተኛ። ጣታቸው ከበደ።

«ይኼ ማሽን አያውቀኝም እንዴ?»

ቀና ብዬ አየሁ። በትልቁ ፊደል ነው የሚመቱት፤ መጀመሪያ ያስገቡት በትንሹ። ዩኒክስ ሁለቱን እንደተለያየ ሰው ነው የሚቆጥራቸው። ነገርኳቸው።

«ትልቁ ፊደል አይበልጥም?»

«ለሱ እኩል ናቸው፣ ጓድ።»

በትንሹ መቱ። ገባ። የሒሳብ ክፍልን ከፈቱ... ሽንኩርት፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት። እስከ ምሳ አነበቡ። ሱሌማን የሚደብቀው ምንም አልነበረውም። የዛሉ መሰሉ። ከዚያ ወዲህ አልከፈቱም።

ሱሌማን ግን እስካሁን ሲወጣ የማሽኑን መስኮት በፎጣ ይሸፍነዋል።

ቀኑን ደግሞ ማሽኑ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። ሽንኩርት የሚያቀርቡልን የሕብረት ሥራ ማኅበራት ወረቀት ሁሉ በእኛ። ጠዋት ጠዋት እየቆጠርኩ አዛውራለሁ፤ አንዳንዴ በራሴ ላይ አንድ ቀን እሳሳታለሁ። ተመርጦ ተመርጦ ይኸው። ግን ዲስኬት አልሸከምም። የፈይሳ ሽንኩርት የሱሌማንም ሽንኩርት ነው። ፈይሳ የሻይ ብርጭቆውን አሁን የማሽኑ መስኮት አናት ላይ ያደርጋል አሉ።

ኅዳር 2

ማቀዝቀዣው ተበላሸ። ማሽኑን አጥፍቼ ስምንት ሰዓት ላይ ሁላችንም እጅ አጣጥፈን ተቀመጥን። ጓድ ገሠሠ ኮታቸውን አወለቁ፤ ሃያ ዓመት አይቼ የማላውቀው ሸሚዝ ነው ከውስጥ ያለው። ከግድግዳው ወዲያ ልጆቹ ተኝተዋል፤ ያለ ማቀዝቀዣ። ግድግዳው ራሱ ይበቃቸዋል። እኛም ቢበቃን... መስኮቱን እየከፈቱ ሙቀት የሚያስገቡትን ነገር ብተወው ይሻላል።

ሠራተኛ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ስንት ቀን? ስልክ ደወልኩ። እኔ። በስሜ። «የሰርቨር ክፍል ኃላፊ ናት የምትናገረው» አልኩት ሰውየውን፤ ማን እንዲህ ብሎ እንደሾመኝ እንጃ።

ኅዳር 3

መጡ። ሠሩት።

ኅዳር 12

ዛሬ ኅዳር ይታጠናል። ከጠዋት ጀምሮ በየደጁ ጥራጊ ይነዳል፤ ከወንጂ መገንጠያ እስከ ባቡር ጣቢያ ከተማው በሙሉ ጭስ። ቀድሜ ገብቼ መስኮቱን ዘጋሁ፣ በሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ ወተፍኩ። ኃይለየሱስ ከጭስ አርቂው ብሎ በገጽ 22 ጥግ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

ሦስት ሰዓት ላይ ጓድ ገሠሠ ገቡ። ተቀመጡ። ኪሳቸውን ዳበሱና ሲጋራ አወጡ። ክብሪቱን ጫሩ።

አምና ቢሆን... አምና እዚህ ክፍል አልነበርኩም።

«ጓድ ገሠሠ፣ ሲጋራውን ውጭ።»

ክብሪቱ እጃቸው ላይ ነደደ። «ምን?»

«ማሽኑን ይጎዳዋል። ውጭ ዛሬ አገሩ በሙሉ እየጨሰ ነው፤ እዚያ ይቀላቀሉ።»

አየኋቸው። አዩኝ። ክብሪቱን አጠፉ፣ ሲጋራውን ከንፈራቸው ላይ እንደሰኩ ጨርቁን በእግራቸው ገፋ አድርገው ወጡ። ተነስቼ ጨርቁን መለስኩት።

ቆዩ። አንድ ሲጋራ ይኼን ያህል አይቆይም። ቅር አሰኘኋቸው ይሆን? ደራ እንደገና? የዓለም ጤናን ጭነት ላስገባ ሞከርኩ፣ ቀኑን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ።

ሲመለሱ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታሉ፤ ኮታቸው ላይ አመድ አለ። ወንበራቸው አልሄዱም። ምንጣፉ ጫፍ ላይ ቆሙ።

«ከዚያ ማዶ ያሉት...» አሉ በራሳቸው ወደ ግድግዳው እየጠቆሙ። «በሩ ክፍት ነበር። አሰለፈች ጭሱ እንዳይገባ ልዝጋው ስትል በሩን እኔ ነኝ የያዝኩላት።»

ከፊደል መምቻው እጄን አነሳሁ።

«ያ የሽንኩርት ለዪዋ ልጅ የለም? የቡዜ?» አሉ። «ግድግዳውን ይዞ ተነስቶ ቆመ። እፊቴ። እያየኝ።»

«ሴት ናት» አልኳቸው።